የኮሌራ ታማሚን ከሞት የሚያተርፈው ጨውና ስኳር፦ በሕዋሳት በር ላይ ምን ይከናወናል?

በጽኑ ኮሌራ የተያዘ አንድ አዋቂ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከሰውነቱ ሊያጣ ይችላል። ሕክምና ካላገኘም ሕይወቱ በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ይሁን እንጂ አብዛኞቹን ታማሚዎች ከሞት የሚታደጋቸው ውድ መድኃኒት ወይም ውስብስብ መሣሪያ አይደለም። ክብደቱ ከ20 ግራም ብዙም የማይበልጥ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው።

ይህ ሕይወት አድን ውህድ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኦአርኤስ ይባላል። በኢትዮጵያ ብዙዎች “ለምለም” በሚለው ስም ያውቁታል።

በኬንያ መዲና ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር፣ ከፖፖ መንገድ ገባ ብሎ የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1965 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመው ይህ ማኅበር፣ በአገሪቱ ኮሌራ ሲቀሰቀስ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ በጎ ፈቃደኞች ውህዱን በአፍ የሚሰጡባቸውን ነጥቦች በየመንደሩ ማቋቋም ነው። ታማሚው ወደ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ የሚኖሩት ሰዓታት በሕይወትና በሞት መካከል ያሉ ናቸውና።

ነገር ግን ጉዳዩ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ታማሚው የሚጠጣው ውሃ ሁሉ በተቅማጥና በትውከት እየወጣ ሳለ፣ ጥቂት ጨውና ስኳር የተጨመረበት ውሃ እንዴት በሰውነቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል? መልሱ በዓይን በማይታዩት የአንጀት ሕዋሳት በሮች ላይ ይገኛል።

አጥርና በር ያለው ሕዋስ

የሰው ልጅን ጨምሮ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ከሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡን ከውጭው የሚለይበት ስስ ሽፋን አለው። የዚህ ሽፋን ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። የተሠራውም በዋናነት ከሁለት ንብርብር የስብ ዓይነት ነው።

ሽፋኑ ስብ መሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው። ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃዱ ሁሉ፣ በውሃ ውስጥ የሚሟሙት ጨውና ስኳርም ይህንን የስብ አጥር በራሳቸው ጥሰው ማለፍ አይችሉም። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን የመሳሰሉ ጥቃቅን ጋዞች ግን ያለችግር ይገባሉ፣ ይወጣሉም።

ለቀሩት ሕዋሱ በሮች አሉት። እነዚህ በሮች በሽፋኑ ውስጥ የተተከሉ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የሚያሳልፉትን ይመርጣሉ። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ በር ላይ ዘበኛ እንደሚቆምባቸው የመኖሪያ ግቢዎች፣ አንዱ በር ሶዲየምን ብቻ ያስገባል፤ ሌላው ክሎራይድን ብቻ ያስወጣል።

በእነዚህ በሮች የሚደረገው ዝውውር በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ኃይል የማይጠይቀው ነው። በአንድ ጥግ የጨሰ ዕጣን ማንም ሳይገፋው ቤቱን እንደሚሞላው፣ ንጥረ ነገሮችም በብዛት ካሉበት ወደሚያንሱበት ይሰራጫሉ። ውሃም የራሱ የጉዞ ሕግ አለው። ጨው ወይም ስኳር በዝቶ ወደተከማቸበት አቅጣጫ ይሄዳል። ሳይንቲስቶች ይህንን ኦስሞሲስ ይሉታል። በተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሳህኑ ላይ ውሃ የሚያቁረው፣ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋም ጨው ሲነካው እርጥበቱን የሚለቀው በዚሁ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ኃይል የሚጠይቀው ዝውውር ነው። እዚህ ላይ ሕዋሱ ንጥረ ነገሮችን ከአነስተኛ ክምችት ወደ ከፍተኛ ክምችት፣ ማለትም ዳገት እንደሚወጣ ሰው፣ እየገፋ ይወስዳል። ከዚህ ዓይነቶቹ ዋነኛው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ነው። በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ያስወጣና ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ዬንስ ስኩ ስለዚህ ፓምፕ ያገኙትን እአአ በ1957 ይፋ ያደረጉ ሲሆን፣ ከ40 ዓመታት በኋላ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተውበታል።

ፓምፑ ያለማቋረጥ ስለሚሠራ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ምንጊዜም ከውጭው ያነሰ ነው። በዚህም የተነሳ ሶዲየም ዕድል ባገኘ ቁጥር ወደ ውስጥ ለመግባት ይጣደፋል። ይህ መጣደፍ ኋላ ላይ የታማሚውን ሕይወት የሚያተርፈው ኃይል ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሰውነት ለውሃ የሚሆን ፓምፕ የለውም። ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ለመውሰድ ሲፈልግ ጨውን ያንቀሳቅሳል፤ ውሃውም ተከትሎ ይሄዳል።

ኮሌራ የሚከፍተው በር

በጤነኛ ሰው ቀጭን አንጀት ውስጥ በየቀኑ ከ8 እስከ 9 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ሰውየው በመብልና በመጠጥ የወሰደው 2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና ሰውነት ራሱ ለምግብ መፍጨት የሚያመነጨው ነው። አንጀት ይህንን ሁሉ መልሶ ስለሚመጥጠው፣ በዓይነ ምድር የሚወጣው ውሃ ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም።

ይህ ሚዛን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለመረዳት አያዳግትም። የሚመነጨው ጥቂት ሲጨምር ወይም የሚመጠጠው ጥቂት ሲቀንስ ተቅማጥ ይከተላል። ኮሌራ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል።

በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ የሚገባው ባክቴሪያ የአንጀትን ግድግዳ አይቦረቡርም፤ ወደ ሕዋሳቱም ውስጥ አይገባም። ከላይ ተጣብቆ መርዝ ያመነጫል። ይህን መርዝ እአአ በ1959 በካልካታ፣ ሕንድ፣ የለዩት ተመራማሪው ሳምቡ ናት ዴ ነበሩ።

የመርዙ አንድ ክፍል ወደ ሕዋሱ ሲገባ፣ በሕዋሱ ውስጥ መልዕክት የሚያስተላልፍን አንድ ሥርዓት ሳይጠፋ እንዲበራ ያደርገዋል። የዚህ መልዕክት ትርጉም “የክሎራይድን በር ክፈት” የሚል ነው። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ክሎራይድ ከሕዋሱ ወደ አንጀት ይፈስሳል። ሶዲየም ይከተለዋል። ጨው ወደሄደበት የሚሄደው ውሃም ከደም ወደ አንጀት ይጎርፋል። በዚያው ልክ ጨውን ወደ ሰውነት የሚመልሰው የተለመደው መንገድ ይዘጋል።

ውጤቱ የሩዝ ማጠቢያ ውሃ የሚመስል፣ ማቆሚያ ያጣ ተቅማጥ ነው። ዓይን ይሰረጉዳል፣ ቆዳ ይጨማደዳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። የኮሌራ ታማሚን የሚገድለው በአብዛኛው ባክቴሪያው ሳይሆን የውሃና የጨው እጦት ነው።

ለዚህም ነው ንጹሕ ውሃ ብቻውን በቂ ያልሆነው። በባዶ ውሃ ውስጥ ሶዲየምም ስኳርም የለም። ወደ ሰውነት የሚስበው ነገር ስለሌለ አብዛኛው በአንጀት በኩል አልፎ ይወጣል። ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱም ቢሆን የጠፋውን ጨው አይተካም።

ሳይዘጋ የሚቀረው በር

ሐኪሞች የጠፋውን ውሃና ጨው በደም ሥር መተካት እንደሚቻል ካወቁ ቆይተዋል። በ1832 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ ጨዋማ ውሃን በታማሚዎች ደም ሥር ሰጥተዋል። ነገር ግን ይህ ሕክምና ከጀርም የጸዳ ፈሳሽ፣ መርፌና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ወረርሽኝ በሚበረታባቸው ሥፍራዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታጡት እነዚሁ ናቸው።

በአፍ መስጠት ተስፋ የሌለው ሙከራ ተደርጎ ይታይ ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ ሐኪሞች ኮሌራ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያጠፋው ምንም ነገር ሊመጥጥ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ለታማሚው የሚመከረውም አንጀቱን “ማሳረፍ” ነበር።

ይህንን አስተሳሰብ ከለወጡት ግኝቶች አንዱ የተሰማው በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ነው። እአአ በነሐሴ 1960 አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሮበርት ክሬን በፕራግ ባቀረቡት ሐሳብ፣ የአንጀት ሕዋሳት ግሉኮስ የተባለውን ስኳር የሚያስገቡት ከሶዲየም ጋር አጣምረው መሆኑን ገለጹ።

በዚህ በር ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ አብረው ይገባሉ። ወደ ውስጥ ለመግባት የሚጣደፈው ሶዲየም ግሉኮሱን ይጎትተዋል። በሩ ግን አንደኛው ብቻውን ሲመጣ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም፤ ሁለቱም መገኘት አለባቸው። ሁለቱ ከገቡ በኋላ ግሉኮሱ በሌላ በር፣ ሶዲየሙም በፓምፑ አማካይነት በሕዋሱ ጀርባ በኩል ወደ ደም ይሻገራሉ። ውሃም እንደ ልማዱ በሕዋሳቱ ውስጥና በመካከላቸው አልፎ ይከተላቸዋል።

ወሳኙ ነገር ይህ ነው፦ የኮሌራ መርዝ ይህንን የጥንድ በር አይነካውም። የክሎራይዱ በር ተከፍቶ ውሃ በሚጎርፍበት በዚያው ሰዓት፣ የስኳርና የሶዲየም በር ሥራ ላይ ነው። ውህዱ ታዲያ የተከፈተውን በር አይዘጋም። በሌላ በር የሚመለሰው ውሃ ከሚወጣው እንዳያንስ ያደርጋል። መርዙ ያገኛቸው የአንጀት ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ሕዋሳት ስለሚተኩና ሰውነትም ባክቴሪያውን ስለሚያስወግድ፣ ታማሚው እስከዚያው በሕይወት እንዲቆይ ማድረግ ከተቻለ ይድናል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ስደተኞች መጠለያ

በሕዋስ ላይ የተገኘው ዕውቀት ወደ ታማሚው አልጋ የደረሰው ያለ ዋጋ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፒንስ ማኒላ በተደረገ ሙከራ የውህዱ ክምችት ከልክ በላይ በመሆኑ ታማሚዎች ሞተዋል።

በ1968 በዳካ፣ በዛሬዋ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ፣ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ጥናት ግን መንገዱን ጠረገ። ታማሚው የሚያጣውን ፈሳሽ እየለኩ በዚያው ልክ ውህዱን በአፍ ሲሰጡ፣ በደም ሥር የሚያስፈልገው ፈሳሽ 80 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1971 ነው። በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ሳቢያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በመጠለያዎቹም ኮሌራ ገባ። በባንጋዎን የነበሩት ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀባቸው መጣ። ታማሚዎች በሆስፒታሉ ወለል ላይ ተኝተው ነበር።

ማሃላናቢስና ባልደረቦቻቸው ግሉኮስ፣ የገበታ ጨውና ቢካርቦኔት በከረጢት እያሸጉ አመጡ። ውህዱን በበርሜል በጥብጠው ለታማሚዎች አቀረቡ። የሚያጠጡት ደግሞ ሐኪሞች ሳይሆኑ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ነበሩ። በእነርሱ ክትትል ሥር ከነበሩት ታማሚዎች መካከል የሞቱት 3.6 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ቀድሞ የነበረው የሞት መጠን 30 በመቶ ገደማ ነበር።

በ1978 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት፣ ስኳር የሶዲየምንና የውሃን መመጠጥ እንደሚያፋጥን መታወቁ ምናልባትም የክፍለ ዘመኑ ታላቅ የሕክምና ግኝት ሊሆን እንደሚችል በርዕሰ አንቀጹ ጻፈ።

መጠኑ ለምን ወሳኝ ሆነ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የሚመክረው ውህድ በአንድ ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት የያዘ ነው። በዚህ ቀመር የሶዲየሙና የግሉኮሱ ቅንጣቶች ቁጥር እኩል ነው። ቀደም ሲል የነበረው ቀመር ጨውና ስኳሩ ከፍ ያለ ነበር። ክምችቱ ሲቀንስ የሕፃናት ትውከትና የተቅማጥ መጠን እንደሚቀንስ ጥናቶች ስላሳዩ ተሻሽሏል።

ምክንያቱ አሁንም ያው የውሃ ሕግ ነው። በአንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደም ይልቅ ስኳርና ጨው ከበዛበት፣ ውሃ ከደም ወደ አንጀት ይሳባል። ሊያድን የታሰበው መጠጥ ተቅማጡን ያባብሳል።

ለተቅማጥ ለስላሳ መጠጥ መስጠት የማይመከረውም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ለስላሳ መጠጦች በአንድ ሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛሉ። ይህ በውህዱ ውስጥ ካለው ከሰባት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ሶዲየማቸው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ጨው የበዛበት ውህድ በተለይ በሕፃናት ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርሰው ይችላል።

በአንድ ሊትር እንዲበጠበጥ የተዘጋጀን ዱቄት በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ታዲያ መድኃኒቱን “ጠንካራ” አያደርገውም። በብዙ ውሃ ማቅጠንም ጉልበቱን ያሳጣዋል።

የምሥራቅ አፍሪካ ፈተና

ሕክምናው ይህን ያህል ቀላል ቢሆንም ኮሌራ መግደሉን አላቆመም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በጊዜው ሕክምና ከተሰጠ የሚሞቱት ታማሚዎች ከ1 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። ሆኖም በ2024 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ6,000 በላይ ሰዎች በኮሌራ መሞታቸውን ድርጅቱ ይፋ አድርጓል።

በኢትዮጵያ በነሐሴ 2022 በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ከዚያ ቀደም በአገሪቱ በተከሰቱ ወረርሽኞች ወቅት ባለሥልጣናት ኮሌራ ከማለት ይልቅ “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” ወይም በምህጻሩ አተት የሚለውን ስያሜ ሲጠቀሙ ነበር። በ2025 ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ግጭት የሸሹ ሰዎችን በሚያስተናግደው የጋምቤላ ክልል በሽታው ተከስቷል።

በኬንያ በጥቅምት 2022 በናይሮቢ አቅራቢያ ሊሙሩ ከተካሄደ ሠርግ ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ተቀስቅሶ ወደ በርካታ ግዛቶች ተዛመተ። በድርቅና በስደተኞች መጨናነቅ የተጎዳው ጋሪሳ ክፉኛ ተመትቷል። በሽታው የድሆች ብቻ እንዳልሆነም በ2017 በናይሮቢ ታይቷል፤ በሆቴል በተካሄደ ጉባኤ ላይ የተገኙ ሰዎች ጭምር ታመው ነበር።

ክፍተቱ ያለው በሳይንሱ ላይ ሳይሆን በርቀቱ ላይ ነው። ዱቄቱ በመጋዘን መኖሩ ብቻውን አያድንም። ታማሚው የሰውነቱ ፈሳሽ ከመሟጠጡ በፊት፣ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ በትክክለኛው መጠን መድረስ አለበት። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞችና የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሞሉት ይህንን ክፍተት ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

የሚከተሉት ነጥቦች ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች የተወሰዱ ናቸው።

ውህዱ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን፣ በተፈላና በቀዘቀዘ ወይም በሌላ መንገድ በታከመ ውሃ ይበጠበጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል፤ አዲስም ይዘጋጃል።

ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሆኑት የቻሉትን ያህል ይጠጣሉ። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ያስፈልጋል። ጡት ማጥባትም አይቋረጥም። ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት በተጨማሪ ለ10 እስከ 14 ቀናት የሚወሰድ ዚንክ ይታዘዛል።

የተዘጋጀው ዱቄት ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ይህ ፖታሲየም ስለሌለው የተሟላ ምትክ ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም እስኪደረስ የሚያቆይ ነው።

ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት ውህዱን ከሰጡ በኋላ ተቅማጡ ሲቀጥል “አልሠራም” ብለው ሲያቋርጡ ነው። ውህዱ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። መርዙ የከፈተው በር እስኪዘጋ ድረስ የጠፋውን ይተካል እንጂ። የመሥራቱ ምልክት የተቅማጡ መቆም ሳይሆን የታማሚው መንቃት፣ የአፉ መራስና ሽንት መሽናቱ ነው።

ታማሚው ራሱን ከሳተ፣ መጠጣት ካልቻለ፣ ያለማቋረጥ ካስመለሰ ወይም ዓይኑ ከሰረጎደና ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ስለሚያስፈልገው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። መጠጣት የሚችል ከሆነም በመንገድ ላይ ሳለ ውህዱን መጠጣቱን መቀጠል ይኖርበታል።